ለስፖርት ሌንስ ለምትገዙ የሀዋሳ ልጆች

"ጋሼ፣ ለስፖርት የትኛው ሌንስ ይሻላል?" ትሉኛላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ወርዳችሁ ሳፋሪ ሰቨንስ የሚባለውን የራግቢ ውድድር ማንሳት ትመኛላችሁ። ደስ ይለኛል። ሂዱ።

ሌንስ ስትመርጡ መጀመሪያ የአፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ቁጥር እዩ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ብዙዎቻችሁ ሚሊሜትሩ ላይ፣ ሌንሱ ምን ያህል እንደሚያቀርብ በሚናገረው ቁጥር ላይ ነው የምታፈጡት። 70-300 ርካሽ ነው፣ ሩቁንም ያቀርባል። ግን 300 ላይ ሲደርስ አፐርቸሩ አብዛኛውን ጊዜ 5.6 ነው። የሚያስገባው ብርሃን ባለ 2.8ቱ ከሚያስገባው ሩብ ያህል ብቻ ነው። በጠራራ ፀሐይ ምንም አይል። 10 ሰዓት የጀመረ ጨዋታ ማለቂያው ላይ ግን ብርሃኑ ይከዳችኋል፤ እኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች ድንግዝግዙ አይቆይም። ሯጭን ቀጥ ለማድረግ ሻተሩ ተከፍቶ የሚቆየው 1/1000 ሰከንድ አካባቢ መሆን አለበት። በ2.8 አይኤስኦው (ካሜራው ብርሃን የሚያጎላበት መጠን) 1600 የሚበቃው ቦታ በ5.6 ሲሆን 6400 ይጠይቃል። አሮጌ ካሜራ ላይ 6400 የተጫዋቹን ፊት አሸዋ ያስመስለዋል።

ስለዚህ ያገለገለ 70-200 ባለ 2.8 ግዙ። ካሜራው አሮጌ ቢሆንም ግድ የለም። ክሮፕ ሴንሰር (ከሙሉው መጠን ያነሰ የምስል መቀበያ) ያለው ከሆነ 200ው ኒኮንና ሶኒ ላይ እንደ 300፣ ካኖን ላይ እንደ 320 ያቀርባል። ርቀቱ ካነሰባችሁ ባለ 1.4 ቴሌኮንቨርተር (በሌንሱና በካሜራው መካከል የሚገባ ማቅረቢያ) ጨምሩ፤ አፐርቸሩ 4 ይሆናል። ባለ 2ውን አልወደውም፣ 5.6 ላይ ይመልሳችኋል።

ራግቢ አንድ የሚያምር ጠባይ አለው። ኳሱን በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው። ኳስ የያዘው ግን ወደ ፊት ይሮጣል። ከሚያጠቃው ቡድን ፊት ለፊት፣ ከሜዳው ጫፍ ጥግ ላይ ከተቀመጣችሁ ፊቱ፣ ጥርሱ፣ ላቡ ሁሉ ወደ እናንተ ይመጣል። ትራይ (ኳሱን ከጎል መስመር አልፎ መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) ሲያስቆጥሩ አጠገባችሁ ነው የሚወድቁት። ያኔ 400 የገጠመ ሰው ጫማ ብቻ ያነሳል፤ እናንተ ዙሙን ወደ 70 መልሳችሁ ሙሉውን ትይዛላችሁ። ሰቨንስ ላይ ሜዳው በሙሉ መጠኑ ነው፣ በየቡድኑ ያለው ሰው ግን 7 ብቻ። ሩጫው ረጅም ነው። አንድ አጋማሽ 7 ደቂቃ ስለሆነ ሌንስ መቀያየሪያ ጊዜ የለም።

እስከዚያው የሰፈር ኳስ ላይ ተለማመዱ። ከጎል ጀርባ ጥግ ላይ ተቀመጡና የሚመጣባችሁን ሰው ተከተሉ።

ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ የስልክ መብራት ከኋላ አብሩበትና መስታወቱን እዩ። የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካለ ሻጋታ ነው። እርጥበት ያመጣዋል፣ እኛ ደግሞ ሀይቅ ዳር ነን። ከዚያ ካሜራችሁ ላይ ግጠሙት፤ መንገድ ላይ የሚያልፍ ባጃጅ ላይ ፎከሱ ይከተል እንደሆነ ሞክሩ። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።