መልቀቅ ያለብሽ ሌላኛውን ሥራ ነው

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንቺ ዋናው ጉዳይ ብለሽ የጻፍሽው አይደለም የያዘኝ። በቅንፍ ውስጥ ያስገባሻት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ጠያቂዬ 27 ዓመቷ ነው። በ12 ዓመቷ ከወላጆቿና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ተሰደደች። ዛሬ በሳምንት አምስት ቀን በሂሳብ ሠራተኛነት ትሠራለች። ሦስት ዓመት የለፋችበት የልብ ወለድ ረቂቅ አላት፤ 140 ገጽ ደርሷል። ታሪኩ በሰው አገር ልጆቿን በጸሎት ስላሳደገች እናት ነው። ልጇ ደግሞ ጸሎት ካቆመ ቆይቷል፤ ግን በየእሁዱ ለብሶ ከቤት ይወጣል። ጠያቂዬ የአሥር ወር ወጪዋን አጠራቅማለች። ሥራዋን ለቃ መጽሐፉን መጨረስ ትፈልጋለች። አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ሲሰሙ፣ «ለእናንተ ብለን አይደል እንዴ የተሰደድነው?» አሏት። በየትኛው ቋንቋ ልጻፍ፣ የድርሰት ትምህርት ልማር ወይ፣ እናቴ በሕይወት እያለች ይህን ማሳተም ነውር አይሆንም ወይ የሚሉ ጥያቄዎችም አሏት።

በቅንፍ የተቀመጠችው ደግሞ ይቺ ናት፦ «(ቅዳሜና እሁድ ሌላ ሥራ አለኝ፤ የወንድሜን የትምህርት ክፍያ የምሸፍነው በሱ ነው።)»

መጀመሪያ የቀን ሥራሽን እንይ። አትልቀቂ።

እኔ ለቅቄ አይቼዋለሁ። 30 ዓመቴ ነበር። ጥገኝነት ለሚጠይቁ ሰዎች አስተርጓሚ ነበርኩ። ያለኝ ገንዘብ ለዘጠኝ ወር ይበቃል ብዬ አሰላሁ። የመጀመሪያው ወር ሠርግ ነበር። በአራተኛው ወር በረቂቄ ጠርዝ ላይ የቤት ኪራይ መደመር ጀመርኩ። በስድስተኛው ገጸ ባህርያቱ ራሳቸው መቸኮል ጀመሩ። ይቅር ለማለት ሦስት ምዕራፍ የሚያስፈልጋት ሴት በአንድ ገጽ ይቅር ብላ ቁጭ አለች። የቸኮልኩት እኔ ነኝ እንጂ እሷ አልነበረችም። ያልበሰለውን ነገር ለአንድ አሳታሚ ላክሁት። መልሱ ሁለት መስመር ነበር። ገንዘቡ ሲያልቅ ወደ ማስተርጎሜ ተመለስኩ። ረቂቁ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ።

የመጽሐፍ ገንዘብ እንዴት እንደሚመጣ ማንም አልነገረሽም መሰለኝ። አሳታሚ ቢወድልሽ እንኳ ቅድመ ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ተቆራርጦ ነው የሚሰጠው። ጥቂቱ ውል ስትፈርሚ፣ ጥቂቱ የመጨረሻውን ረቂቅ ስታስረክቢ፣ ጥቂቱ መጽሐፉ ሲወጣ። ረቂቅሽን ለአሳታሚ የሚያቀርብልሽ ወኪል ካለሽ በተለምዶ 15 በመቶውን ይወስዳል። ከሽያጩ የሚደርስሽ ድርሻ ደግሞ የሚጀምረው ቅድመ ክፍያው በሽያጭ ከተካካሰ በኋላ ነው። ረቂቁ ተቀባይነት ካገኘበት ቀን እስከሚታተምበት ቀን አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ መቆየቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ አሥር ወር ቢበዛ ረቂቁን ያስጨርስሽ ይሆናል። እስከ መጀመሪያው ገንዘብ ግን አያደርስሽም።

ሥራና ድርሰት አብረው አይሄዱም የሚለውን ወሬ ከየት እንዳመጣሽው አላውቅም። እንግሊዛዊው አንተኒ ትሮሎፕ ከ30 ዓመት በላይ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተቀምጦ፣ የኪስ ሰዓቱን ፊቱ አድርጎ፣ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ይጽፍ ነበር። 47 ልብ ወለዶች ትቶ አለፈ። እሺ፣ እሱ ስደተኛ አይደለም። አብዱልራዛቅ ጉርናህን እንውሰድ። በ1960ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ከዛንዚባር ተሰዶ እንግሊዝ ገባ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በ1987 ሲወጣ 38 ዓመቱ ነበር። አብዛኞቹን መጽሐፎቹን የጻፈው ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ነው። በ2021 ኖቤል ሲሸለም 72 ዓመቱ ነበር። ላንቺ ይበልጥ የምትቀርበው ደግሞ ሌይላ አቡለላ ናት። ካርቱም አደገች፤ ኢኮኖሚክስ ከዚያም ስታቲስቲክስ ተማረች። ስኮትላንድ ስትገባ የቁጥር ሰው ነበረች እንጂ ጸሐፊ አልነበረችም። መጻፍ የጀመረችው እዚያ ነው። በ2000 ለአፍሪካ ጸሐፊዎች አጭር ልብ ወለድ የሚሰጠው የኬን ሽልማት ሲጀመር የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ሆነች። የምትጽፈው ስለምንድን ነው? ስለ ስደትና ስለ እምነት።

በቀን 300 ቃላት፣ በሳምንት አምስት ቀን ጻፊ። በዓመት 78,000 ቃላት ይሆናል። አንድ ሙሉ ልብ ወለድ ማለት ነው።

«መቼ ልጻፍ? እደክማለሁ» ትይኛለሽ። ትደክሚያለሽ እንጂ! በሳምንት ሰባት ቀን እየሠራሽ! አሁን ወደ ቅንፏ መጣን።

ወንድምሽ 23 ዓመቱ ነው። ጤነኛ ነው። ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ሥራ የማይሠራው «ትኩረቱ እንዳይከፋፈል» ነው ብለሻል። ያንቺስ ትኩረት? ለሱ ትኩረት ሲባል ያንቺ ሁለት ቀን ተቆርጦ ተሰጠው። ማንም «ይገባሻል ወይ?» ብሎ አልጠየቀሽም። ያንቺ ድርሰት ጨዋታ ነው፤ የሱ ትምህርት ግን ቁምነገር። ቤተሰቡ የተስማማበት ይሄ ነው። አንቺም ተስማምተሽበታል፤ ለዚህ ነው በቅንፍ ያስቀመጥሽው።

አንድ ሌላ ነገርም አስተውዬአለሁ። እሁድ እሁድ ለሥራ ስትቀሪ አባትሽ ተቆጥተው ያውቃሉ? ደብዳቤሽ ላይ አላየሁም። ለደመወዝ ከአምልኮ መቅረት ችግር የለውም ማለት ነው። ልብ ወለድ ሲሆን ግን እምነት ይነሳል። ይህን ለአባትሽ እንድትነግሪያቸው አይደለም፤ ቤት ውስጥ እሳት መጫር ነው። አንቺ ግን እወቂው። የገንዘብ ጥያቄ የእምነት ልብስ ለብሶ ሲመጣ ለይተሽ ማየት አለብሽ።

«ለእናንተ ብለን ተሰደድን» የሚለው ነገር ደግሞ ያናድደኛል፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ሲያስተረጉሙ የኖሩ ጆሮዎቼ ይህን ዓረፍተ ነገር ስንቴ እንደሰሙት አልነግርሽም። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። አባትሽም ከልባቸው ነው የተናገሩት። ግን መጠን የሌለው ዕዳ ነው። አንቺ የሂሳብ ሰው ነሽ። መጠኑ ያልተጻፈ ዕዳ መቼ ተከፍሎ እንደሚያልቅ ታውቂያለሽ። ደግሞስ አንቺም እኮ ተሰደሻል። 12 ዓመትሽ ነበር፤ ማንም አላማከረሽም። ጓደኞችሽን ትተሽ ቋንቋ እንደ አዲስ ጀመርሽ። ይሄ በማን መዝገብ ነው የተጻፈው?

በአንድ ቀን አቋርጪ አልልሽም። ልጁን መንገድ ላይ መጣል ነው። ለወንድምሽ አሁኑኑ ንገሪው። አስቀድመሽ ለአባትሽ አይደለም፤ ለሱ። የሚቀጥለውን መንፈቅ ሙሉውን እከፍላለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ግማሹን፣ ከዚያ በኋላ ግን የለሁበትም በይው። ሥራ የሚፈልግበት ጊዜ ሰጠሽው ማለት ነው። ያኔ የቅዳሜና እሁዱን ሥራ ትለቂያለሽ። በቀን ስምንት ሰዓት ብንል በዓመት ከ800 ሰዓት በላይ ተመለሰልሽ። ቁጠባሽም አልተነካም። ወንድምሽ ያኮርፍ ይሆናል። ያኩርፍ። የ23 ዓመት ኩርፊያ ያልፋል።

የእምነቱን ነገር በአጭሩ ማለፍ ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። ፖላንድ የተወለደው ደራሲ አይዛክ ባሼቪስ ሲንገር የራቢ፣ የአይሁድ የሃይማኖት መምህር፣ ልጅ ነበር። ለወላጆቹ የዓለማዊ ድርሰት ጸሐፊ ማለት ከሃይማኖት የወጣ ሰው ነበር። በሃይማኖት መንፈስ የሚጽፍ የሌላ ደራሲን ሥራ እንኳ አባቱ «የጣፈጠ መርዝ» ይሉት ነበር። ልጅዬው በ1935 አሜሪካ ተሰደደ፤ እዚያም ስለ ራቢዎች፣ ስለ ኃጢአትና ስለ ጸሎት ሲጽፍ ኖረ። የአባቱን ዓለም የጻፈው እሱ ነው። አባትሽን በዚህ ታሳምኛቸዋለሽ ብዬ አይደለም። የሚፈሩት አዲስ ነገር እንዳልሆነ እንድታውቂ ነው።

ከኔ የሥራ ዘመንም አንድ ነገር ልጨምር። በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ጥገኝነት ከሚያሰጡት አምስት ምክንያቶች አንዱ በሃይማኖት የተነሳ የሚደርስ ከባድ በደል ነው። ስለዚህ ሰው እምነቱን በቢሮ ውስጥ ማስረዳት ይኖርበታል። መቼ አመንክ? የትኛው በዓል መቼ ይውላል? ትእዛዛቱን በተራ ቁጠር። እኔ መሐል ተቀምጬ አስተረጉማለሁ። በቃሉ ያጠና ሰው ቀጥ አድርጎ ይመልሳል። ከልቡ የሚጸልየው አንዳንዴ ይንተባተባል። የሰማኋቸውን ታሪኮች መጻፍ አልችልም፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለብኝ። ያቺን ክፍል ግን አልረሳትም። ረቂቅሽ ላይ ልጁን እንደዚያ መርማሪ እንዳትጠይቂው እፈራለሁ። ያምናል ወይስ አያምንም? መልስ ስጥ! የሚል ልብ ወለድ ሞልቷል። ሃይማኖቱን ትቶ ነጻ የወጣ ስደተኛ ታሪክ በቀላሉ ገበያ ያገኛል። አቡለላ ይህን ገልብጣዋለች፤ ሴቶቿ ስደት ላይ ወደ እምነት ይጠጋሉ። አንቺ የትኛውንም እንድትከተይ አልልሽም። ልጁ ራሱ ሳያውቀው ይቆይ።

እናትሽ እስኪያልፉ መጠበቅ? በጭራሽ። የእናትን ሞት እንደ ማስረከቢያ ቀን የሚቆጥር መጽሐፍ አትጻፊ። ረቂቁ ሲያልቅ፣ አሳታሚ ጋ ሳይሄድ አሳዪያቸው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ገጽ እንኳ እንዳታሳዪያቸው።

ቋንቋ፦ እናትየዋ ስትናገር ጆሮሽ ላይ የሚመጣው የትኛው ነው? በሱ ጻፊ። ሲንገር አሜሪካ ከ50 ዓመት በላይ ኖሮ በዪዲሽ፣ በምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ፣ ነው የጻፈው፤ የ1978ቱን ኖቤል ያገኘውም በሱ ነው።

ትምህርት ቤት፦ ክፍያውንና መኖሪያሽን የሚሸፍንልሽ ካገኘሽ ሂጂ። በብድር ከሆነ ተይው።

አሁን ካለሽበት የሂሳብ ሥራ መቀየር ካማረሽ ደግሞ ማስተርጎምን አስቢበት። ሁለት ቋንቋ አለሽ። በቀጠሮ የሚሠራ ስለሆነ ጠዋትሽን ማስከበር ትችያለሽ። የሰማሽውን አትጽፊም፤ ሰው እውነት ሲናገር የት ላይ እንደሚያርፍ ግን ትለምጃለሽ። ሂሳቡ ከተመቸሽ ግን እዚያው ቆዪ፤ ቁጥር ቢያንስ ማታ አብሮሽ ቤት አይገባም።

ያያያዝሽውን ገጽ አነበብኩት። ልጁ እሁድ ጠዋት ከቤት ወጥቶ የአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ይቀመጣል። አምልኮው እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጠብቃል። ሙቀት ነው። ማንም የሚያውቀው ሰው የለም። ክራቫቱን ግን አይፈታም። ለምን እንደማይፈታ አልጻፍሽም። አትጻፊው። አርታኢ ቢጠይቅሽም እንዳትጨምሪ።