«ሜዲካል ወደቅኩ» ለምትሉኝ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ላብራቶሪ ውስጥ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ። ሙያዬን የሰማ የሰፈር ልጅ የምርመራ ወረቀቱን ይዞ ቤቴ ይመጣል። ብዙዎቹ ዓረብ አገር ለመሄድ ሲመረመሩ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ ተገኝቶባችኋል የተባሉ ናቸው። ታዲያ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ሕክምናው አይደለም። «ከማን ያዘኝ?» ነው የሚሉኝ።

እኔም ስለ ደሴቶች አወራቸዋለሁ። ግር ይላቸዋል፤ ግን ነገሩ እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ይህ ቫይረስ በብዛት ከሚገኝባቸው ቦታዎች መካከል ኪሪባቲና ቫኑዋቱን የመሳሰሉ የፓስፊክ ደሴቶች አሉ። በረዷማው ግሪንላንድም አለበት። ታይዋን ውስጥ ክትባት ከመጀመሩ በፊት ከመቶ ሰው 15 እስከ 20 የሚሆነው ቫይረሱን ይዞ ይኖር ነበር። ይህ ሁሉ ሕዝብ ምን አጥፍቶ ነው? ምንም። አብዛኛው ሲወለድ ከእናቱ፣ አለዚያም በልጅነቱ ከቤተሰቡ ነው የያዘው። አዋቂ ሰው ሲያዝ ሰውነቱ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱን ያስወግደዋል። አራስ ሕፃን ሲያዝ ግን ከ10ሩ በ9ኙ ላይ ዕድሜ ልክ ይቀራል። ሴቷ ልጅ አድጋ ስትወልድ ደግሞ ለልጇ ልታስተላልፍ ትችላለች። ሕዝቡ ጥቂት በሆነበት፣ ሰው ሁሉ በተዛመደበት ደሴት ይህ በግልጽ ይታያል። እኛም አገር ብዙዎች የተያዙት በልጅነታቸው ነው። ስለዚህ እጮኛችሁን ከመጠርጠራችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ሁሉም ደሴት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አይስላንድን ያስቸገራት ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው ሌላው የጉበት ቫይረስ ነው፤ ዋናው መተላለፊያውም አደንዛዥ ዕፅ የሚወስዱ ሰዎች መርፌ መጋራታቸው። ሲ ዛሬ በሚዋጥ መድኃኒት በጥቂት ወራት ይድናል።

ሄፓታይተስ ቢም ቢሆን በደም ይተላለፋል። ከሰውነት ውጪ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ድድ የሚነቀስበት መርፌ፣ እንጥል የሚቆረጥበት ምላጭ፣ ፀጉር ቤት ያለው መላጫ፤ እነዚህን ተጠንቀቁ። አዲስ ምላጭ ሲወጣ በዓይናችሁ ካላያችሁ አትቀመጡ።

ታይዋን በ1984 እ.ኤ.አ. አራስ ሕፃናትን መከተብ ጀመረች። በልጆች ላይ 10 በመቶ ገደማ የነበረው ስርጭት ከ1 በመቶ በታች ወረደ። የልጆች የጉበት ካንሰርም ቀነሰ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። እኛ አገር ክትባቱ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ በሕፃንነታችሁ አላገኛችሁትም። ስለዚህ ተመርመሩ። ነፃ ከሆናችሁ ሦስቱንም ዙር ተከተቡ፤ አንዱን ወስዳችሁ እንዳትቀሩ።

ቫይረሱ የተገኘባችሁ ደግሞ ክትትል ጀምሩ። ሐኪሙ የጉበት ምርመራ፣ የቫይረሱን መጠንና አልትራሳውንድ ያዛል። መድኃኒት የሚያስፈልገው ለሁሉም አይደለም፤ ካስፈለገም ቴኖፎቪር አለ። መጠጥ ተዉ። የወፍ በሽታ ነው ብሎ ሥር የሚያጠጣችሁን ሰው እሺ አትበሉ፤ ጉበታችሁን ይባስ ሊጎዳው ይችላል።

አንዲት ልጅ ቤት ስሄድ ሳህኗንና ብርጭቆዋን ለይተው መስኮት ላይ አስቀምጠውላት አየሁ። በጣም አዘንኩ። አብሮ በመብላትና በጉርሻ አይተላለፍም! የሚለየው ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ነው። እናቷን ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት። ከዚያ እናትየውም እህቶቿም እንዲመረመሩ ነገርኳቸው፤ የአንድ ሰው ውጤት የቤተሰብ ጉዳይ ነውና።

ሴቶች ልጆቼ፣ ስታረግዙ የመጀመሪያው ክትትል ላይ ውጤታችሁን ተናገሩ። የቫይረሱ መጠን ከፍ ካለ በእርግዝና ወቅት የሚወሰድ መድኃኒት አለ። ሕፃኑ ደግሞ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ አለበት። ስድስተኛው ሳምንት ላይ የሚሰጠው ለእንደዚህ ዓይነቱ ልጅ ይዘገያል። የት እንደሚገኝ ምጥ ሳይመጣ፣ ገና ሆዳችሁ ሳይገፋ አጣሩ።