ሚያዝያ 27 በአጋጣሚ አልተገናኘም

ልጆቼ፣

ለብዙ ዓመታት እንጀራዬ ቀን መቁጠር ነበር። ሬዲዮ ላይ በዕለቱ የሆኑ የታሪክ ክስተቶችን የማቀርብባት የአምስት ደቂቃ ዝግጅት ነበረችኝ። አሁን ያንን ሥራ እናንተ በቴሌግራምና በፌስቡክ ይዛችሁታል። ሳነባችሁ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ሆዴን ይበላኛል። ቀኑን ትጽፋላችሁ፣ ክስተቱን ትደረድራላችሁ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ። ያቺን ቀን ማን እንደመረጣት አትጠይቁም።

ሚያዝያ 27ን ውሰዱ። በ1928 ዓ.ም. በዚህ ቀን የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ጦሩን እየመራ አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋን ለቀው ከወጡ ገና ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። በ1933 ዓ.ም. በዚሁ ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ ተመልሰው ገቡ። ልክ አምስት ዓመት። አምና አንድ ልጅ "የሚገርም ግጥምጥሞሽ!" ብሎ ፖስት አድርጎ አየሁ። ብዙ ሰው ሼር አድርጎለታል።

ግጥምጥሞሽ አይደለም። አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ነው፣ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ። ንጉሡ በዚያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ነበሩ። እንግሊዞች ደግሞ ከተማው ውስጥ ላሉት ጣሊያናውያን ሰግተው ቶሎ እንዲገቡ አልፈለጉም። በመጨረሻ የመግቢያው ቀን ሲቆረጥ ሚያዝያ 27 ሆነ። ጠላት በገባበት ቀን ባለቤቱ ይግባ ተባለ። ይሄ የሰው ውሳኔ ነው፤ ታስቦበት የተደረገ። የአምስት ዓመቱን ሐዘን በዚያችው ዕለት ለመሻር።

ውሳኔ መሆኑን ደርግም አውቆታል። ለዚህ ነው የድል በዓሉን ወደ መጋቢት 28 ያዞረው። የንጉሡ መመለሻ እንዲረሳ፣ ከተማዋ ነፃ የወጣችበት ቀን እንዲከበር። በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። አያችሁ? ድሉ ያው አንድ ድል ነው። ቀኑ ግን ሁለቴ ተዘዋወረ። የበዓል ቀን ሲቀየር ካያችሁ፣ ምን እንዲታወስና ምን እንዲረሳ እንደተፈለገ ጠይቁ።

በሌላ በኩል እውነተኛ ግጥምጥሞሽም አለ። በ1953 ዓ.ም. በዚሁ ቀን አላን ሼፐርድ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆኖ ወደ ጠፈር ወጣ፤ በረራው 15 ደቂቃ ያህል ነበር። በ2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን ያወጀውም በዚሁ ዕለት ነው። የአዋላጆች ቀንም በየዓመቱ የሚከበረው ያኔ ነው። እነዚህን ጻፏቸው፣ ክፋት የለውም። ግን ከእኛው ሁለት ሚያዝያ 27 ጋር በአንድ ትንፋሽ አትቁጠሯቸው። እነዚህን ከእኛው ጋር ያገናኛቸው አቆጣጠር ብቻ ነው።

አቆጣጠር ካልኩ አይቀር፣ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአድዋን ዝግጅት ከአንድ የውጭ መጽሐፍ አዘጋጀሁ። መጽሐፉ ማርች 1 ይላል። እኔ ሥራ የጀመርኩበትን ዓመት ካሌንደር ገልጬ አመሳከርኩና "ድሉ የካቲት 22 ነው" ብዬ አነበብኩ። በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ቢሮ ድረስ መጡ። አልተቆጡም። ቁጭ ብለው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ "ልጄ፣ አባቴ እዚያ ነበር። የካቲት 23 ነው፤ የጊዮርጊስ ዕለት" አሉኝ። ፊቴን የት ላድርገው? ያን ጊዜ ያፈርኩትን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ መጽሐፉም ሽማግሌውም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 የዋለው ማርች 1 ቀን ነው። ፈረንጆቹ ግን በ1900 ፌብሩዋሪን 29 አላደረጉም፤ መቶ ላይ የሚያልቅ ዓመት ለ400 ካልተካፈለ አይጨምሩም። እኛ በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን 6 ማድረጋችንን አናቋርጥም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ፣ የካቲት 23ም ማርች 2 ላይ ይውላል። በስልካችሁ ያለው መቀየሪያ ይህንን ያስባል አያስብ፣ በአድዋ ፈትኑት። ናፖሊዮን የሞተው ሜይ 5 ቀን 1821 ነው፤ ዛሬ ሜይ 5 ሚያዝያ 27 ነውና ዘላችሁ እዚያ እንዳታስገቡት። በእኛ ሚያዝያ 28 ቀን 1813 ነበር።

ዘንድሮ በሚያዝያ 27 አራት ኪሎ፣ ሐውልቱ ዘንድ ውጡ። አባት አርበኞቹ ብዙዎቹ አልፈዋል። ልጆቻቸው ግን የአባታቸውን ሜዳሊያ ደረታቸው ላይ አድርገው ይመጣሉ። ስለ 1933 ሁሉም ይጠይቃቸዋል። እናንተ ጠጋ በሉና፣ አባታቸው በ1928ቱ ሚያዝያ 27 የት እንደነበሩ ጠይቋቸው።