ጨጓራዬን ባሳንስ ከጾም እንደ ሸሸሁ ይቆጠርብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 49 ነው፤ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ከያዘኝ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ቁመቴ 1.63 ሜትር፣ ክብደቴ 118 ኪሎ ነው። ሐኪሜ ጨጓራን የሚያሳንስ ቀዶ ጥገና እንዳደርግ መክሮኛል፤ ቀኑም ከዐቢይ ጾም ጋር ሊገጥም ነው። አንዲት የማኅበራችን እኅት ግን «ሆዱን የሚያስቆርጠው መጾም ያቃተው ሰው ነው፤ እግዚአብሔር የሠራውን አካል መቀነስም ኃጢአት ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ወለተ ማርያም

መልስ፦ እኅታችን ወለተ ማርያም፣ እግዚአብሔር ይማርዎት። እንቅልፍ ከነሳዎት ነገር ልጀምር፦ ይህ ቀዶ ጥገና ኃጢአት አይደለም።

ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰምቶ 15 ዓመት ጨመረለት። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን የምሥራቹን ከነገረው በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ጸሎቱ የበለሱን ጥፍጥፍ አላስቀረውም። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛል፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነና አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው ይናገራል። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት ሕክምናን ከእርሻና ከሽመና ጋር አስተካክሎ ለሰው ድካም የተሰጠ ጥበብ ይለዋል፤ ተስፋን ሁሉ በሐኪም እጅ ላይ መጣልን ግን ይከለክላል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

«አካል መቀነስ» ስለተባለው፣ ከመካከላችን ትርፍ አንጀቱ ታውኮበት አስወጥቶ፣ በሰላም ከሆስፒታል ሲወጣ ስለቱን ያላገባ ማን ነው? እርስዎ «የእኔ ጨጓራ እኮ ጤነኛ ነው» ይሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ሐኪሞችን እስክጠይቅ ድረስ እንደዚያው አስብ ነበር። ከቀዶ ጥገናው ዓይነቶች አንዱ ከጨጓራው 80 በመቶ ገደማ አውጥቶ ሙዝ የሚመስል ጠባብ ቱቦ ይተዋል። ሌላው በጨጓራው አናት ላይ እንቁላል የምታክል ከረጢት ሠርቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ያገናኛታል። እኔን ያስደነቀኝ የብዙዎቹ ስኳር በቀናት ውስጥ፣ ክብደታቸው ገና ሳይቀንስ መውረዱ ነው። ምግቡ በአንጀት ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ ሲለወጥ ከጨጓራችን ጀርባ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያነቃቁ ሆርሞኖች ይጨምራሉ። በሰሜን ካሮላይና ዶክተር ዋልተር ፖሪስና ባልደረቦቻቸው በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የስኳር ሕመም ከነበረባቸው 146 ታካሚዎች የ121ዱ ስኳር ተስተካክሎ ቆይቷል። በ2016 እ.ኤ.አ.ም ከ40 በላይ የሕክምና ማኅበራት ይህን ቀዶ ጥገና ከስኳር ሕክምናዎች እንደ አንዱ ተቀብለውታል። እንግዲህ ሕመሙ የሆዳምነት ቅጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ ክብደት ሳይቀንስ ስኳሩ ባልወረደ ነበር። ያች እኅት በፍቅር ተናግራ ይሆናል፤ ሕመምን ግን ኃጢአት አድርጋብዎታለች።

ይህን ስጽፍ አክስቴ ፊቴ ላይ ትመጣለች። ገጠር ስለምትኖር የኢንሱሊን ብልቃጧን በፌስታል ቋጥራ፣ እርጥብ አሸዋ በሞላበት ገንቦ ውስጥ ታኖረው ነበር። አንድ ሰው «ጸበል ከገባሽ መርፌውን ተዪው፤ ያለዚያ እምነት የለሽም» አላት፤ ተወችው። ሳምንት ሳይሞላት ራሷን ስታ በቃሬዛ ወረደች። ሕይወቷ ቢተርፍም የግራ እግሯ ሦስት ጣቶች ተቆረጡ። ያን ጊዜ «አካል መቀነስ ኃጢአት ነው» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲናገሩ፣ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጋጩና ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆኑ አስተምረዋል። ለስኳርም ያው ነው።

አሁን ወደ ጾሙ። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲያዝዝ የታመመውን ከግዴታው ያወጣዋል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት የሚወስዱት ፈሳሽና ልም ምግብ ብቻ ነው፤ ውኃውም በየጥቂት ደቂቃው በትንሽ በትንሹ የሚጎነጩት ነው። እስከ 9 ሰዓት ልቆይ ቢሉ ሰውነትዎ ይደርቃል፤ የኢንሱሊኑ መጠን ካልተስተካከለም ስኳሩ ወርዶ ሊጥልዎት ይችላል። ስለዚህ ወደ ሆስፒታል ከመሄድዎ በፊት ለንስሐ አባትዎ ይንገሩና ፈቃዳቸውን ይቀበሉ። በጾሙ ፋንታ የሚሰጡዎትን ጸሎትና ምጽዋት በደስታ ይፈጽሙ። ለቅዱስ ቁርባን የሚጾሙትን 18 ሰዓትም በራስዎ አይወስኑ፤ እርሳቸውንና ሐኪምዎን አማክረው ጊዜውን ይጠብቁ።

ጠንከር ሲሉ ጾሙ አይቀርብዎትም። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያህል ፕሮቲን ስለሚያስፈልግዎት የአተርና የአኩሪ አተር ፕሮቲን ዱቄት፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ቶፉ እያሉ ከምግብ ባለሙያ ጋር ይተልሙ። ቫይታሚን ቢ12 ግን በጾም ምግብ ውስጥ በተፈጥሮው የለም፤ ሰውነትዎም ከቀድሞው ያነሰ ስለሚቀበል ክኒኑን ወይም መርፌውን ዕድሜ ልክዎን ይወስዳሉ። «የክኒኑ ልባስ ከእንስሳት የተሠራ ነው» ብለው የሚጨነቁ አሉ። መድኃኒት መብል አይደለም፤ ይዋጡት።

ጸበል ቦታ ሲሄዱ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ ልማዳችንን አውቀዋለሁ። ጎህ ሲቀድ በባዶ ሆድ ሁለት ሊትር መጠጣት ለአዲሱ ጨጓራዎ አይሆንም። በረከቱ በሊትር አይለካምና ጥቂት ይጎንጩ፣ ይጠመቁ፣ መስቀል ይሳለሙ። በክርስትና ድግስ ላይ ጠላና ጠጅም ከቀድሞው ፈጥኖ ስለሚያሰክር ባይቀምሱት ይሻላል።

አንድ ነገር ልደብቅዎት አልፈልግም። ምላጩ ጨጓራን ይቆርጣል፤ የልብን ምኞት አይቆርጥም። ከዓመታት በኋላ ክብደቱም ስኳሩም የተመለሰባቸው ሰዎች አሉ። ሲከፋን ወደ ጣፋጭ የምንሮጥ ከሆነ ያንን በንስሐ አባት ፊት አውጥተን ልንናገረው ይገባል፤ የጾም ትርጉሙም እዚያ ጋር ነው።

ቀኑ ሲቆረጥ በክርስትና ስምዎ እንዲጸለይልዎት ለአጥቢያዎ ያሳውቁ። ያችንም እኅት አይቀየሟት፤ ሆስፒታል መጥታ ትጠይቅዎት። ድፎ ዳቦው ይቆይና በፔርሙስ የተጣራ የአትክልት ሾርባ ትያዝልዎት።