የአባቴ ደረት ላይ አልትራሳውንድ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ አባቴ 67 ዓመቱ ነው። ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል ገባ፣ አሁን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሆኖ በመሣሪያ ነው የሚተነፍሰው። አልጋው ላይ እንዳለ ራጅ አነሱትና "ብዙም ግልጽ አይደለም" አሉን። በነጋታው አንድ ወጣት ሐኪም የነፍሰ ጡር አልትራሳውንድ እየገፋ መጥቶ ደረቱን ጄል ቀብቶ ማየት ጀመረ። አቦ፣ አባቴ እርጉዝ ነው እንዴ? ገንዘብ እናዋጣለን፣ ሲቲ ስካን ይነሳ ስንል "ለጊዜው ይቆይ" አሉ። እየቀለዱብን ነው? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አባባን ይማርልሽ። የድሬ ልጅ ነሽና "እርስዎ" ብልሽ ትስቂብኛለሽ፣ አንቺ እያልኩ ልቀጥል። አልቀለዱባችሁም።

ከራጁ እንነሳ። ደህና ሰው ራጅ ሲነሳ ይቆማል፣ ደረቱን ሰሌዳው ላይ ይለጥፋል፣ "አየር ሳብ፣ ያዝ" ይባላል። አባባ ይህን አይችሉም። ሰሌዳው ከጀርባቸው ሥር ገብቶ፣ በገመድና በቱቦ መሃል፣ ተኝተው ነው የተነሱት። ጣጣው ያለው መተኛቱ ላይ ነው። የቆመ ሰው ደረት ውስጥ ውሃ ካለ ወደ ታች ወርዶ ጥጉን ሞልቶ ይታያል፤ ሲተኛ ግን ውሃው በጀርባ በኩል ይነጠፍና ራጁ ላይ ስስ ጉም ብቻ ይሆናል። ከሳንባ ያመለጠ አየር ደግሞ ወደ ፊት ይወጣና ብዙ ጊዜ ሳይታይ ይቀራል። ቢሆንም ራጁን አትናቂው፣ የመተንፈሻው ቱቦ ቦታውን መያዙን የሚያሳየው እሱ ነው።

ሲቲ ስካን ከሁሉም ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል፣ በዚህ አንከራከርም። ግን ሲቲው ወደ አባባ አይመጣም። አባባ ናቸው ከነኦክስጅን ሲሊንደሩ፣ ከነመሣሪያው፣ ከነግሉኮሱ፣ ሐኪምና ነርስ አጅቧቸው የሚሄዱት። መንገድ ላይ ቱቦ ሊወጣ፣ ደም ግፊት ሊወርድ ይችላል። ጨረሩም አለ፦ የደረት ሲቲ 7 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፣ ራጅ ግን 0.1 ገደማ። በ67 ዓመት ግን እኔን የሚያስፈራኝ ጨረሩ ሳይሆን ኮሪደሩ ነው።

አሁን ወደ አልትራሳውንዱ። ድምፅ አየር ሲያገኝ ስለሚመለስ፣ ሳንባ በአልትራሳውንድ አይታይም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ተትቶ ነበር። ዳንኤል ሊክተንስታይን የሚባል ፈረንሳዊ የጽኑ ሕሙማን ሐኪም ግን ሙጭጭ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2004 ከባልደረቦቹ ጋር ሳንባቸው በጠና የታመመ 32 ሰዎችን ሐኪም ጆሮው ላይ በሚሰካው ማዳመጫ፣ በአልጋ ላይ ራጅና በአልትራሳውንድ አይቶ፣ ሲቲ ስካንን ዳኛ አድርጎ አወዳደረ። በሳንባ ዙሪያ የተጠራቀመ ውሃን በመለየት ማዳመጫው ከመቶ 61፣ ራጁ 47፣ አልትራሳውንዱ 93 አገኙ። አየሽ፣ ተኝቶ የተነሳ ራጅ ከጆሮ እንኳ አንሶ ተገኘ! እንደ ሳንባ ምች ያለ፣ ሳንባውን ያደነደነ ነገር ላይ ደግሞ ራጁ 75፣ አልትራሳውንዱ 97።

ዶክተሩ ሲያይ ቆመሽ ከነበረ፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ነጭ መስመር በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወዲያ ወዲህ ስትንሸራተት አይተሽ ይሆናል። እሷ የሳንባው ሽፋን ናት። ከተንሸራተተች፣ እዚያ ቦታ ላይ ሳንባው ከደረቱ ግድግዳ አልተላቀቀም ማለት ነው። ከእሷ ሥር በጨለማ እንደበራ ባትሪ ቀጥ ብለው የሚወርዱ የብርሃን ጨረሮች ከበዙ ሳንባው ረጥቧል። ውሃ ራሱ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ይኼ ሁሉ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፣ ማታም ይደገማል፣ አባባም ከአልጋቸው አይነሱም።

ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። የሚያየው እጅ ካልሰለጠነ ዋጋ የለውም። ወፍራም ሰው ላይ ይቸገራል፣ ሳንባው መሃል ገብቶ አየር የከበበውን ነገር አያይም። የሳንባ ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ከተጠረጠረ ደግሞ በመርፌ ቀለም ተሰጥቶ የሚነሳው ሲቲ ነው የሚያሳየው፣ ለዚያም ኩላሊታቸውን አስቀድመው ያዩላቸዋል።

ስለዚህ ነገ ስትገቢ "ለምን ሲቲ አታነሱትም" ከማለት፣ "ሲቲው አሁን ያላወቃችሁትን ምን ይነግራችኋል? ሕክምናውንስ ይቀይረዋል?" ብለሽ ጠይቂ። "የረጋ ደም ጠርጥረናል" ካሉ ወይም ሕክምናው አልሠራም ካሉ፣ ያኔ መንገዱ ቢያስፈራም ይኬዳል። ያዋጣችሁትን ገንዘብ አትበትኑት።