ግድግዳው ማታም ይተኩሳል፦ የሀዋሳ አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በየካቲት ፀሐይ ከመነኸሪያ እስከ ፒያሳ በእግሩ የሄደ ሰው ጥያቄ ቢያበዛ አይፈረድበትም። ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎችም ብዙዎቹ ስለ ሙቀት፣ ስለ ቆሻሻና ስለ ጎርፍ ናቸው። ስድስቱን መርጬ መልሻለሁ። ስም እንዳልጠቅስ የጠየቃችሁኝን አክብሬያለሁ።

«ሀዋሳ ከገባሁ 40 ዓመት አለፈኝ። ዱሮ ማታ ማታ ጋቢ ደርቤ በረንዳ ላይ እቀመጥ ነበር። አሁን ከእራት በኋላ እንኳ ግድግዳው ይተኩሳል። ልጆቼ ‹አባዬ፣ እርጅና ነው› ይሉኛል። ከተማዋ ናት የሞቀችው ወይስ እኔ ነኝ?» (ጡረተኛ፣ ከመሀል ከተማ)

ጋሼ፣ እርጅና አይደለም። መልሱን ግድግዳው ራሱ ነግሮዎታል። ብሎኬት፣ ኮንክሪትና አስፋልት ቀን የጠጡትን ፀሐይ ማታ ነው የሚተፉት። እርስዎ ሲመጡ በየግቢው አፈርና ሣር ነበር፤ ዛፍም አይጠፋም። ዛሬ እዚያው ቦታ ላይ ፎቅ፣ ቆርቆሮና ኮብልስቶን አለ።

የዛፉን ሥራ ለመረዳት የሸክላ እንስራን ያስቡ። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ላብ ስለሚያልበው ነው። ውጪው ላይ ያለው እርጥበት ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ዛፍም እንደዚያው ነው። ከሥሩ ውሃ ይስባል፣ በቅጠሉ ይለቃል፣ አካባቢውንም ያበርዳል። ዛፉ ሲቆረጥ የሚቀርብን ጥላው ብቻ አይደለም ማለት ነው።

በዚያ ላይ ዓለም ራሷ ሞቃለች። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የምድር አማካይ ሙቀት ከ1 ዲግሪ በላይ ጨምሯል። ከከተማችን በስተምሥራቅ ያለው ጨለለቃም ዱሮ ውሃ የሞላው ሐይቅ ነበር፤ አሁን ረግረግና የከብት መሰማሪያ ሆኗል። እነዚህ ሁሉ ተደማምረው ነው በረንዳዎን የነጠቁዎት። አንድ የቀረልን ነገር አለ። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ሌሊቷ ዛሬም ይቀዘቅዛል። ከመሸ በኋላ መስኮቱን ከፊትም ከጓሮም ይክፈቱና ግድግዳው የቀን ሙቀቱን እንዲለቅ ያድርጉት። የወባ ትንኝ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ያስመቱበት። ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ደግሞ ይዝጉት።

«ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተናል። የሌሊት ፈረቃ ሲደርሰኝ ቀን ልተኛ ስል ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግላል። ቬንቲሌተር መግዛት አልችልም። ምን ላድርግ?» (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

እህቴ፣ ከሁሉም በላይ ያንቺ ጥያቄ ነው ልቤን የያዘው። ፓርኩ በ2008 ሐምሌ ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች ወደዚህች ከተማ መጥተዋል። ሥራው ተዘጋጀላቸው፤ የሚተኙበት ቤት ግን በቅጡ አልታሰበበትም። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ቀን እንቅልፍ ካላገኘ ጤናው ይቃወሳል፤ ማሽን ላይም እጁ ይሳሳታል።

ችግሩ ከላይ ነው የሚመጣው፤ መጀመር ያለብንም ከጣሪያው ነው። ኮርኒስ ከሌለ የቆርቆሮው ግለት በቀጥታ ሰውነትሽ ላይ ይወርዳል። ጣውላ ይወደድባችኋል። የተሰፋ ማዳበሪያ ወይም አቡጀዲ ወጥራችሁ ብትመቱት እንኳ ለውጡን በመጀመሪያው ቀን ታውቂዋለሽ። ከቆርቆሮው ጋር እንዳይነካካ ግን ተጠንቀቁ። በመሀል አየር ይኑር። ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ በሁለቱም ጎን ክፍተት ተዉና ወንፊት ሽቦ ምቱበት። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በዚያ በኩል ያመልጣል።

ሁለተኛው ነጭ ቀለም ነው። ነጭ የጣሪያ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ብዙውን ፀሐይ ወደ ላይ ይመልሰዋል። የዛገ ቆርቆሮ ግን ይጠጣዋል። የሕንዷ አህመዳባድ እ.ኤ.አ. በ2010 ብዙ ሰው የገደለ ሙቀት ከመታት በኋላ በ2013 የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አወጣች። ኋላም የድሆች ሰፈር ጣሪያዎችን ነጭ ማስቀባት ጀመረች። ኖራ ለግድግዳ ይሁን፤ ጣሪያ ላይ ዝናብ ያጥበዋል። ጣሪያው የአከራያችሁ ስለሆነ ብቻሽን አትጠይቂ። የግቢው ተከራዮች ተሰብሰቡና «ቀለሙን ግዙልን፣ ቀቢውን እኛ እንከፍላለን» በሏቸው። በዚህ መንገድ የተስማሙ ሰዎች አውቃለሁ።

ለዛሬ የሚሆን ነገር ከፈለግሽ መጋረጃውን ከመስኮቱ ውጪ አድርጊው። ፀሐይ መስታወቱን አልፋ ከገባች በኋላ መጋረጃ ብዙም አይረዳም። በውጪ በኩል የተሰቀለ ሸራ ግን ሳትገባ ይመልሳታል። የታጠበ ነጠላ ጨምቀሽ ነፋስ በሚገባበት በኩል ስቀይው።

አደራ፣ ከሰል ቤት ውስጥ አታያይዙ። ቤቱን ከማጋሉም በላይ ከሰል እየነደደ በር ዘግቶ መተኛት የሰው ሕይወት ይቀጥፋል። ጓደኛችሁ በሙቀት ራሷን ካዞራት፣ ንግግሯ ከተምታታ ወይም ራሷን ከሳተች፣ ሰውነቷን በውሃ እያራሳችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።

«ጎረቤቴ ቅጠሉ አሸንዳ ይዘጋል ብሎ በአጥራችን መሀል የነበረውን ትልቅ ዛፍ አስቆረጠ። እኔ ሌላ መትከል እፈልጋለሁ። የትኛው ይሻላል?» (ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ)

ዛፉ አሳዘነኝ። አሸንዳ በዓመት ሁለቴ ይጠረጋል፤ ያንን የሚያክል ጥላ ለማግኘት ግን ብዙ ዓመት መጠበቅ ነው።

ከየትኛው በፊት የቱ ጋ የሚለው ይቅደም። በእኛ አገር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ናት። ግድግዳ የምትመታው ጠዋት ከምሥራቅ፣ ከሰዓት ከምዕራብ ነው። ቤት የሚያግለው የከሰዓቱ ነው። ስለዚህ በምዕራብ በኩል ትከል። ዋንዛ ቶሎ ያድጋል፣ ጥላውም ሰፊ ነው። ከግድግዳው አራት ሜትር ያህል አርቀው። አቮካዶም ለግቢ ጥሩ ነው፤ ጥላም ፍሬም ይሰጣል። ሾላና ዋርካ ቦታ ላለው ሰው ናቸው፤ ሥራቸው አጥር ይገፋል። ባሕር ዛፍን ቤት አጠገብ አልመክርም። ብርብራም ደግ ዛፍ ነው። ዘሩ ግን ተፈጭቶ ዓሣ ለማደንዘዝ ይውል ስለነበር ሐይቅ ዳር ባይተከል እመርጣለሁ።

ከ2011 ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ እንተክላለን። ችግኝ የሚሞተው ግን በጥርና በየካቲት ነው፤ ያኔ ደግሞ ማንም ፎቶ አያነሳም። በእኛ ሰፈር አንዲት እናት ያደረጉትን ልንገርህ። የሃይላንዱን ክዳን በምስማር አንድ ቦታ ብቻ በሱት። ውሃ ሞልተው ከችግኙ ሥር ገለበጡና አፈር ውስጥ ተከሉት። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ለሰዓታት ይቆያል። ምስር ያጠቡበትን፣ አትክልት ያለቀለቁበትን ነው የሚሞሉት፤ የቧንቧ ውሃ አልነኩም። ያ ችግኝ ዛሬ የባጃጅ ሹፌሮች ተራ የሚጠብቁበት ዛፍ ነው። ለሁለት ወይም ለሦስት በጋ ውሃ አጠጣው፤ ከዚያ በኋላ ራሱን ይችላል።

«ዝናብ በመጣ ቁጥር ሱቄ በር ላይ ያለው ቦይ ሞልቶ ዕቃዬን ያበላሻል። ሲከፈት የሚገኘው ፌስታልና ሃይላንድ ነው። እኔ አልጥልም። የሌላውን ጥፋት ለምን እኔ እከፍላለሁ?» (ባለ ሱቅ፣ ከአዲስ ከተማ)

ንዴትህ ይገባኛል። ግን ቦዩ ባይዘጋ ኖሮ ያ ሁሉ ፌስታል የት ይሄድ ነበር? ሐይቁ ውስጥ። ከከተማችን የሚወርደው ጎርፍ መድረሻው እዚያ ነው።

የሀዋሳ ሐይቅ ደግሞ መውጫ የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥልቀቱ ትልቁ ቦታ ላይ እንኳ 22 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ፀሐይ ከላይ የምትወስደው ውሃውን ብቻ ነው። የጨው ውሃ ድስት ላይ ሲያልቅ ጨው እንደሚቀረው ሁሉ የላክንለት ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል። ሳሙናው፣ የመጸዳጃ ፍሳሹ፣ ከማሳ የታጠበው ማዳበሪያ አልጌ ያበዛል። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። አሞራ ገደል ሄደን የምንበላው ቆሮሶ ዓሣ የሚተነፍሰው ያንን ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ የተሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፋብሪካው የተጠየቀውን እኛ ቤታችን ላይ መርሳት የለብንም።

የቦዩ ችግር ግን ቆሻሻ ብቻ አይደለም። ይህን በራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት ጭቃ ሰልችቶኝ ግቢዬን ሙሉ በሙሉ ሊሾ አስደረግኩት። በክረምቱ ከታች ያሉት ጎረቤቴ «ልጄ፣ የአንተ ውሃ ሳሎኔ ገባ» አሉኝ። አላመንኩም። ዝናብ ሲጥል ወጥቼ አየሁ። ዱሮ አፈሩ የሚጠጣው ውሃ አሁን በሬ ሥር እንደ ወንዝ ይወጣል። በጣም አፈርኩ። የሊሾውን ግማሽ ያህል አስፈረስኩና አፈር መለስኩበት፣ ሣር ተከልኩ። የጣሪያውን ውሃ በርሜል ውስጥ አስገባሁት። ጎርፉ ቀነሰ። ያልጠበቅኩት ግን ግቢው ማታ ማታ ቀዝቀዝ ማለቱ ነው። ሙቀቱና ጎርፉ ከአንድ ሲሚንቶ ነበር የመጡት።

ስለ ፌስታሉ፣ ሕግ አለ። አዋጅ 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሚሳሳውን ከልክሎ ነበር። በ2017 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ባለ ሱቅ ስለሆንክ አንተ ከብዙዎቻችን የበለጠ ጉልበት አለህ። ፌስታል አትስጥ። ዘንቢል ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ቅድሚያ ስጥ። ከግራና ቀኝ ካሉት ባለ ሱቆች ጋር ሆናችሁ ከበልግ ዝናብ በፊት አንድ ቀን ቦዩን ክፈቱት። ጭቃውን ግን እዚያው ጠርዝ ላይ አትተዉት፤ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል። ቆሻሻውን ማቃጠልም መፍትሔ አይደለም። የፕላስቲክ ጭስ መርዝ ነው፤ መጀመሪያ የሚስቡት የራስህ ልጆች ናቸው።

«11 ተከራይ አንድ ሽንት ቤት እንጠቀማለን። ማን ያጽዳ በሚል በየሳምንቱ ጠብ ነው። የወጥ ቤት ቆሻሻውም ጋሪው እስኪመጣ ይሸታል።» (ከመነኸሪያ ክፍለ ከተማ)

ተራውን በወረቀት ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉት፤ ማጽጃውንና ውሃ መቅጃውን በመዋጮ ግዙ። በቃል የተያዘ ተራ ሁልጊዜ ያጣላል። ቡና አፍሉና ተነጋገሩ፤ አዲስ ተከራይ ሲመጣም ከመጀመሪያው ቀን ንገሩት።

ሽታው የሚመጣው እርጥቡና ደረቁ ስለሚቀላቀል ነው። ልጣጭ፣ የቡና አተላና የተረፈ ምግብ ለብቻ ይሁን፤ ከከተማ ቆሻሻችን አብዛኛው እሱ ነው። ክዳን ባለው ባልዲ አድርጋችሁ ላዩ ላይ ደረቅ ቅጠል ወይም አመድ ነስንሱበት። ቦታ ካላችሁ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ብስባሽ አድርጉት። ይህ እርጥብ ቆሻሻ አየር አጥቶ ሲከመር የሚቀጣጠል ጋዝ ይሠራል፤ ክምሩንም ያላላዋል። በመጋቢት 2009 አዲስ አበባ ቆሼ ላይ ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። እሱን ሳስብ የወጥ ቤት ባልዲ ትንሽ ነገር አይመስለኝም።

«እቤታችን በር ላይ ያለው ዛፍ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሰፍረዋል። ኩሳቸው መንገዱን ያቆሽሻል። አባቴ ዛፉን ሊያስቆርጠው ነው። እኔ ግን አዝኛለሁ። ምን ልበለው?» (የ6ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሐይቅ ዳር)

ማዘንሽ ትክክል ነው ልጄ። አባ ኮዳ መልኩ አያምርም፣ ሥራው ግን ያምራል። ዓሣ አጥማጆቹ ጠዋት ዓሣ ሲያርዱ አጠገባቸው ቆሞ አንጀቱን ሲጠብቅ አይተሽው ይሆናል። እሱ ባይበላው ዳርቻው ላይ በስብሶ ዝንብ ይፈላበት ነበር። ከተማዋን በነፃ ያጸዳል። አንድ የምፈራለት ነገር አለ። የዓሣ ትርፍራፊ በፌስታል ተቋጥሮ ሲጣል ፌስታሉንም አብሮ ይውጠዋል፤ ሆዱ ውስጥ ይቀርና ይገድለዋል። ቤታችሁ ዓሣ ሲሠራ አንጀቱን በፌስታል እንዳይጥሉት ንገሪያቸው።

ለአባትሽ ደግሞ ይህን በይው። ዛፉ ከተቆረጠ ወፎቹ ወደ ጎረቤት ዛፍ ነው የሚሄዱት፤ ጥላው ግን ከእናንተ በር ይጠፋል። የሚያስቸግረው መንገዱ ላይ የተንጠለጠለው ቅርንጫፍ ከሆነ ጫጩት በሌለበት ጊዜ እሱ ብቻ ይከርከም። ኩሱን ጠርጋችሁ ከአፈርና ከደረቅ ቅጠል ጋር ጉድጓድ ውስጥ ጨምሩት፤ ሲበሰብስ ለአትክልት ይሆናል። ስትጠርጉ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። እምቢ ካለሽ ይህን መልስ አንብቢለት።