ኳሷ ሰመጠች፣ ጨረቃዋ ኮበለለች

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎቻችሁ በሙሉ ከፒ ፋይቭ ጄኤስ ጋር የተያያዙ ናቸው። ለማታውቁት፣ በብሮውዘር ውስጥ ሥዕልና አኒሜሽን የሚሠራ ነፃ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የቀረበ የኮድ ስብስብ) ነው። ኮዳችሁን አይቼዋለሁ፤ አብዛኛው ጣጣ ከአንድ ሁለት መስመር አያልፍም።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የስበት ፍጥንጠት 9.8 ነው ስለተባልን ያንኑ ጻፍኩ። ኳሷ ግን ገና ዓይኔን ሳላርገበግብ ወለሉ ላይ ናት።

መልስ፦ ቁጥሩ ልክ ነው፤ የሳትከው መለኪያውን ነው። 9.8 በሜትርና በሰከንድ ነው፤ ስክሪንህ የሚያውቀው ግን ፒክሰልና ፍሬም (በየዙሩ የሚሣለው አንድ ምስል) ነው። draw የሚባለው ፋንክሽን በሰከንድ 60 ጊዜ ገደማ ይሠራል፤ አንተም በየዙሩ 9.8 ትደምራለህ። አንድ ሜትርን 100 ፒክሰል ካልነው፣ የፈጠርከው ስበት የምድርን 36 እጥፍ ነው። የፀሐይ ገጽ እንኳ 28 እጥፍ ገደማ ነው! 980ን (9.8 በ100) ለ3,600 (60 በ60) አካፍል። 0.27 ይመጣል፤ እሱን ጻፍ።

ጥያቄ፦ ኳሴ መጀመሪያ አሪፍ ትነጥራለች። ስትደክም ግን ወለሉ ውስጥ ትሰምጥና እዚያው ትንቀጠቀጣለች። ወለል ስትነካ ፍጥነቷን በ-0.8 አባዛለሁ።

መልስ፦ ፍጥነቷ ስለቀነሰ በአንድ ፍሬም ወጥታ አትጨርስም። ኮድህ ደግሞ በሚቀጥለው ፍሬም «አሁንም ከወለል በታች ናት» ይልና እንደገና ወደ ታች ይገለብጣታል። ልትወጣ ስትል መልሰህ ደፈቅካት። ፍጥነቱን ከመገልበጥህ በፊት ኳሷን ልክ ወለሉ ላይ አስቀምጣት። ከወለሉ ቁጥር ላይ ሬዲየሷን መቀነስ እንዳትረሳ።

ጥያቄ፦ ጨረቃ ምድርን እንድትዞር አደረግኩ። በየዙሩ ግን ትንሽ ትንሽ እየራቀች በመጨረሻ ከስክሪኑ ወጣች። ቀመሩን አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ።

መልስ፦ ይህችን ጥያቄ ወድጃታለሁ። ቀመርሽ ምንም አልሆነም፤ የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ነው። ስበቱን ካሰላሽ በኋላ መጀመሪያ ቦታዋን ትቀይሪያለሽ፣ ከዚያ ፍጥነቷን በዚያው በቀድሞው ቦታ ስበት ታስተካክያለሽ። ስለዚህ ጨረቃሽ የምትጓዘው ባለፈው ፍሬም ፍጥነት ነው። ክብ የሚዞር ነገር በየቅጽበቱ መታጠፍ አለበት፤ የአንቺ ግን ሁልጊዜ አንድ ፍሬም ዘግይታ ትታጠፋለች። በዘገየች ቁጥር ቅንጣት ታህል ወደ ውጭ ትወጣለች። ኮዱ ከየትም ያልመጣ ጉልበት እየሰጣት ነው ማለት ነው። ሁለቱን መስመሮች አቀያይሪያቸው፦ ፍጥነት ይቅደም፣ ቦታ ይከተል። ስህተቱ ጨርሶ አይጠፋም፤ ግን እየተጠራቀመ መሄዱን ትቶ ከፍ ዝቅ ይላል። የመጀመሪያው አካሄድ በስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ በሊዮናርድ ኦይለር ስም ይጠራል፤ የታረመውም ስሙን አልተወም። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ኒውተንን ስጠረጥር ውያለሁ።

ጥያቄ፦ ኳሷ ስትሄድ ጭራ ታወጣለች።

መልስ፦ የdraw ፋንክሽን መጀመሪያ ላይ ስክሪኑን እንደ አዲስ የሚቀባውን ባክግራውንድን (background) ጥራ። የቀድሞው ሥዕል ካልተሸፈነ እዚያው ይቀራል። ጭራው ካማረህ ግን ተወው፤ የጨረቃን መንገድ ለማየት ግሩም ነው።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ሲጠፋስ?

መልስ፦ የላይብረሪውን ፋይል አንዴ አውርደህ ከኮድህ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጥ። ኮድህም ከዚያው ፋይል እንዲጠራው አድርግ። ከዚያ በኋላ ብሮውዘር ብቻ ይበቃል።